የኋላው ረድፍ ሰሚዎች፦ የአቶ አምኃ ደመቀ የሕይወት ታሪክ

አቶ አምኃ ከአባታቸው ከአቶ ደመቀ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሐመልማል ተሰማ በ1949 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም፣ ዓመቱን ሳይጨርሱ በፖለቲካ ምክንያት በመተማ በኩል ሱዳን ተሰደዱ።

ካርቱም ውስጥ መኪና እያጠቡ ኖሩ። የትምህርት ማስረጃቸው አገር ቤት ስለቀረ ዩኒቨርሲቲ መመዝገብ አልቻሉም። አንድ የታሪክ መምህር ግን የኋላው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እንዲሰሙ ፈቀዱላቸው። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ሰው «ሙስተሚዕ» ይባላል፤ ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፣ አይከፍልም፣ ዲግሪም አይሰጠውም። ሁለት ዓመት ከሰሙ በኋላ ማስረጃቸው ደርሶ በመደበኛ ተማሪነት ተመዝግበው በታሪክ ተመረቁ፤ በ1978 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ።

በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ እጅጋየሁ ጋር ተጋብተው አንተነህንና ዮሳቤጥን ወለዱ።

የሰሚዎቹን መዝገብ ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዙት እሳቸው ነበሩ። በካርቱም በሁለት ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት የወሎዋ ወ/ሮ ዘኪያም ሦስት ዓመት ከኋላው ረድፍ ተምረዋል። ዓመት በዓመት ግን የታሪክ ክፍል ለሥራ ገበያ አይጠቅምም እየተባለ ጠበበ። በ2009 ዓ.ም. እያንዳንዱ ወንበር ከፋይ እንዲኖረው ተወሰነ። ወ/ሮ ዘኪያን ጨምሮ የአሥራ ዘጠኙን ሰሚዎች ስም ሰርዘው የፈረሙት አቶ አምኃ ናቸው። ልጃቸው ዮሳቤጥ በዚያው ዓመት በሠራተኛ ልጅነት ያለ ክፍያ ማርኬቲንግ ለመማር ተመዝግባ ነበር፤ ባይፈርሙ ሥራቸውንም የእርሷንም ቦታ ያጡ ነበር። ይህን የነገሯት በ2014 ዓ.ም. ከተመረቀች በኋላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተነሣው የሱዳን ጦርነት ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ ካፈናቀላቸው በኋላ ባለፈው ዓመት ካርቱም ጀብራ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ተመለሱ። በኩላሊት ሕመም ተኝተው ሳለ ወ/ሮ ዘኪያን አፈላልገው አስጠሩና ይቅርታ ጠየቋቸው። ወ/ሮ ዘኪያም «አውፍ ብያለሁ፣ ጋሼ። ትምህርቱ ግን አለፈኝ» አሏቸው። አቶ አምኃ ይህን መልስ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሳይለወጥ እንዲጻፍ አዘዋል።

ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን ጽሑፍ በዛሬው ዕለት ከኋላው ረድፍ ሆነው የሚሰሙትን ወ/ሮ ዘኪያን ትተው ሄደዋል።

ማንንም ከደጁ የማይመልስ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል።