ሥጋ ያልነካው ሽቦ

ውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ይድረስ። እንዴት ሰነበትሽ? ሐዘኑ እንዴት ይዞሻል? እንቅልፍ መለስ አለልሽ? ያ ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ አሁንም ያምሻል? ልጅሽ ዓቢርና ሕፃኗስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለቤቴ ደረጀም ሰላም ብሎሻል፤ ምን እየጻፍኩልሽ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ከሸዋ በር እስከ ቤትሽ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ደብዳቤ መላኬ ሳያስቅሽ አይቀርም። ሳቂብኝ፣ ይገባኛል። ከእናትሽ ለቅሶ፣ ከተዕዚያው ወዲህ ሁለት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ድምፄን በስልክ ቀድቼ ልልክልሽም ሞክሬ ነበር፤ መልሼ ስሰማው የምትንተባተብ ሌባ መሰልኩና አጠፋሁት። ወረቀት ይሻላል። ቢያንስ ፊቴን አታይብኝም፣ እኔም የአንቺን አላይም።

ነገሩ ስለ ቲማቲሙ ነው።

ያን ዓመት ቲማቲም ረክሶ ሸዋ በር ላይ በየሳጥኑ ሲበሰብስ፣ ይኼን ሁሉ የሰው ልፋት ፍየል እየበላው ቆመን እናያለን ወይ ብለሽ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠን ከሆነ ቲማቲም የማይታጠንበት ምክንያት ምንድን ነው አልሽ። እኔ ሳቅሁብሽ። የመጀመሪያው ቀን እሳቱን አብዝተን ከሰል አድርገን አወጣነው፤ ያኔ የሳቅሽው ደግሞ አንቺ ነበርሽ። ቀስ እያልን ነው የለመድነው። ለሁለት መሰንጠቅ፣ ጨው ነስነስ ማድረግ፣ በርሜል አፍ ላይ በተዘረጋ ሽቦ መደርደር፣ ወይራው እንዳይነድ ማፈን፣ በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ መሸፈን፣ ልጣጩ እስኪጨማደድ አለመቸኮል። ከዚያ ልጦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት፣ በመጨረሻም በበሶብላ አንተክትኮ በጠርሙስ መክተት። የኛ ስልስ ተባለ። ጊደር መጋላ ገበያ ያሉ ቅመም ሻጮች ሳይቀሩ ጠየቁን። ጭሱ በግንቡ ውስጥ፣ ጁገል ያሉ ጎረቤቶችሽን እንዳያስቸግር በርሜሉም ሽቦውም እኔ ግቢ ተቀመጡ።

ሽቦውን ብረት ሠሪው ዐብዱልዋሲዕ ፍርግርግ አድርጎ ያስረከበን ቀን ትዝ ይልሻል? ከሱቁ ሳንወጣ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ሰጠሽኝ። «ይኼ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ገላነሽ» አልሽኝ። «የእናንተም ሥጋ የእኛም ሥጋ አይንካው። አንቺም በጾምሽ ትበዪዋለሽ፣ እኔም ቢስሚላህ ብዬ እበላዋለሁ።»

ከልጅነታችን ጀምሮ በፋሲካ ቤቴ ስትመጪ ለስላሳና ብስኩት፣ በዒድ ቤትሽ ስመጣ ለስላሳና ብስኩት ነበር ወጋችን። አንቺ የእኔን ሥጋ፣ እኔ የአንቺን ሥጋ ሳንቀምስ አረጀን። ያ ስልስ ግን ከአንድ ትሪ አበላን። ምን እንዳበላሸሁ እንድታውቂ ነው ይኼን የማነሳው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ፋሲካና ዒድ በአንድ ሳምንት የዋሉ ጊዜ፣ ደረጀ ከቅርጫው ብዙ ሥጋ ይዞ ገባ። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፣ ማቀዝቀዣው ውኃ ሆኗል። በጭስ እናድርቀው ብሎ ሽቦውን ከግድግዳው ሲያወርድ «እሱን ተው» አልኩት። አንዴ ብቻ ነው ያልኩት። ይታጠባል አለኝ። ጨውም ያቀበልኩት፣ ወይራውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ላይ አላሳብብም። ስቡ እየቀለጠ እየተንጠባጠበ ሲንጣጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

በአመድ፣ በሎሚና በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ ፈተግሁት። አሸተትኩት፣ ምንም አይልም። ወይም ምንም እንዳይል ፈልጌ ይሆናል። ሌላ ማሠራት የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ግን ዐብዱልዋሲዕ የፊተኛው ምን ሆነ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ከጠየቀኝም አንቺ ጆሮ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። እንዲህ ነኝ እንግዲህ። የአንቺን አማና በልቼ የራሴን ስም ጠበቅሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዓቢር ሠርግ ደረሰ። ቤትሽ በእንግዳ ስለተጨናነቀ ብቻዬን አጠንኩት፣ ብቻዬን ሠራሁት። ሠላሳ ጠርሙስ። ማዕድ ቤት ውስጥ ለሩዙ ስንከፍተው እናትሽ፣ እኔም እናታችን የምላቸው፣ ዳቦ ነክረው ቀመሱና ቆም አሉ። ወደ አንቺ ዞረው በቋንቋችሁ ተናገሩ፤ እኔ እንዳልሰማ ብለው መሆን አለበት። እዚህ ተወልጄ አርጅቼ እንዴት አልሰማ? ሥጋ አለበት አሉሽ፣ የእኛ ያልሆነ።

አንቺ በአማርኛ መለስሽላቸው፣ እኔም ሴቶቹም እንድንሰማ። «ወላሂ፣ ይኼ የገላነሽ እጅ ነው። ያ ሽቦ ሥጋ ነክቶት አያውቅም።»

ጭልፋውን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «ይቅር፣ አታቅርቡት» ብል እንኳ ይበቃ ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ሙሽራዋ በሩ ላይ ናት፣ ቤቱ በዘፈን ተናውጧል። ስልሱ ቀረበ፣ ተበላ።

ያ አልበቃ ብሎ ማምሻውን ልሄድ ስል እናታችን በዚያ እርጅናቸው በሩ ድረስ ተከተሉኝ። ትከሻዬን ይዘው «አፉ በይኝ ልጄ፣ እርጅና ምላሴን አበላሽቶት ነው» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? ኧረ ምን ቅር ይለኛል ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ። ይቅርታ ተጠይቄ ይቅር አልኩ። ሐቅ የተናገሩ አሮጊት ሴት እኔን ይቅርታ ጠይቀውኝ ሞቱ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀለኝ ይኼ አይቀለኝም።

ከዚያ በኋላ ቲማቲም በረከሰ ቁጥር ስትጠሪኝ ጭስ ዓይኔን ያመኛል እያልኩ ቀረሁ። አንቺም አምነሽ የዓይን ጠብታ ገዝተሽ አመጣሽልኝ። ጠብታው እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ለእናታችን ግን በየዒዱ አንዳንድ ጠርሙስ ስልስ አደርስ ነበር፤ ያለ ጭስ፣ በአዲስ ድስት የሠራሁትን፣ ክዳኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ በቀይ ክር ቋጥሬ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው እጅሽ ይባረክ ይሉኝ ነበር። እየካስኩ መስሎኝ ነበር።

ለተዕዚያው የመጣሁ ቀን ከክፍላቸው ጠርሙሶቹን ስታወጪ አየሁ። ስድስት ናቸው። አቧራቸው ተጠርጓል፣ ቀዩ ክር እኔ እንደቋጠርኩት ነው፣ አንዱም አልተፈታም። አንቺም ለሴቶቹ፣ እዩ እናቴ እንዴት ትሳሳለት እንደነበር፣ ለክቡር እንግዳ ብላ አስቀምጣው ነው አልሻቸው። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ስድስቱንም በፌስታል ከትተሽ ሰጠሽኝ። ለቤትሽ አንዱን እንኳ አላስቀረሽም።

እስከ ሸዋ በር ድረስ ሳስብ የሄድኩት ስለ እናታችን ብቻ ነበር። ምላሳቸው እንዳልተበላሸ እያወቁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንቺን መሐላና የእኔን ፊት ሸፍነው ኖሩ። ስለ አንቺ ማሰብ የጀመርኩት ቤት ገብቼ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ስደረድራቸው ነው። አንዱንም ሳታስቀሪ የመለስሽልኝ አንቺም ደርሰሽበት ይሆን?

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «የተናዘዝሽው ለእኔ ነው፤ የበደልሽው ግን እኔን አይደለም» አሉኝ። ዐብዱልዋሲዕንም፣ ሃይማኖታችሁን የሚያውቅ ነውና፣ ስም ሳላነሳ ስለ መሐላ ጠየቅሁት። እውነት መስሎት የማለ ሰው ኃጢአት የለበትም አለኝ። እንግዲህ መሐላው ከአንቺ ላይ ወርዷል። ማን ላይ እንዳረፈ እኔ አውቃለሁ።

አሮጌውን ሽቦ ቆራርጬ ጣልኩት። አዲስ አሠርቻለሁ፣ ዐብዱልዋሲዕ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰቅሎታል፤ እጄ አልነካውም። አንቺ ካልወሰድሽው ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። በርሜልም ከፈለግሽ አዲስ ይቆረጣል፣ ሐኪም ጋራ ያለው የወንድሜ ግቢ ሰፊ ነው፣ ጭሱ ማንንም አይነካም። የምታጥኚው ግን አንቺ ነሽ። እኔ አጥባለሁ፣ እሰነጥቃለሁ፣ እልጣለሁ፤ ሽቦው ከአንቺ ቤት አይወጣም። አይሆንም ካልሽም አልከፋብሽም፤ በመንገድ ስታገኚኝ ሰላም በይኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅሽም።

ሰሞኑን ቲማቲም ረክሷል። ዓይኔም ጭስ ይችላል፤ ድሮም ይችል ነበር።

እናታችንን በአንቺ አፍ አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው፣ በእኔም አፍ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ለአንቺ ጤና፣ ለዓቢር ትዳር፣ ለሕፃኗ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቤትሽ ከሰው አይጉደል። አፉ በይኝ።

ወላሂ ብለሽ የማልሽላት ጓደኛሽ