የሻምበል ኩርፊያ

ሐምሌ 8፣ ጠዋት
ዛሬም ከድንጋዩ አልወጣም። ጎመኑን አፉ ድረስ አስጠጋሁለት፤ ዞር ብሎ አላየውም። አይፈረድበትም። የወንድሜ ሚስት ሞታ ባምባሲ ሄጄ ለቅሶ ላይ ሰነበትኩ፤ እሱ ብቻውን ሲሚንቶ ላይ ከረመ። ደብተሬ፣ አንተ ሻምበልን ታውቀዋለህ። ለማያውቀው ግን፦ ኤሊዬ ነው። ሾፌር ሳለሁ መኪና ሊደፈጥጠው ሲል ከአስፋልት ያነሳሁት፤ ጡረታም አብሮኝ ወጣ። ሌላ ቤተሰብ እዚህ አሶሳ የለኝም።
እግሮቹን ከትቶ ጥግ ይዟል። ኩርፊያ ነው። እኔም ብሆን አኮርፍ ነበር።

ሐምሌ 9፣ ከሰዓት
ዝናብ። ልክ የለውም። ሀዋ መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ ባሚያ ነጋዴ፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ። ስሄድ ቁልፌን ሰጥቻት ቅጠል ስትጥልለት ነበር። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሻምበል ለእሷ ሴት ነው። አላስታርቃችሁም ወይ አለች። እሺ አልኩ፤ ምን ይደረጋል። በርጩማ ስባ ፊቱ ተቀመጠች።
«ሻምበል፣ ይበቃል። እሱ ሽማግሌ ነው። ይቅርታ ስጪው።»
ንቅንቅ አላለም። ታዲያ እርቅ ያለ ጉርሻ አለ እንዴ? ዳቦ በወተት አርሼ፣ አፉን በማንኪያ ጫፍ ከፍቼ አጎረስኩት። ዋጠ! ሀዋ አጨበጨበች። እኔም እንደ ልጅ ፈነደቅሁ። ታረቅን።

ሐምሌ 11
የታረቀ እንዲህ አይሆንም። ዓይኖቹ አብጠው ተጣብቀዋል። አፍንጫው ላይ አረፋ። ሲተነፍስ ያፏጫል። አንገቱን ሽቅብ እየዘረጋ አፉን ይከፍታል። ትናንት እንዲህ ሲል ርቦት መሰለኝና ደግሜ አጎረስኩት። ዛሬ ሳነሳው ቀለለኝ። ባዶ ቆርቆሮ። ፈራሁ።

ሐምሌ 12፣ 5 ሰዓት
የእንስሳት ክሊኒክ። በበሬና በፍየል መሃል ተሰለፍኩ። አንዱ ፍየሉን እንደያዘ ሳቀብኝ። ጎምዛዛ ፊት አሳየሁት፤ ተወኝ።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አልሳቀችም። ኤሊ አክሜ አላውቅም ብላ ለጓደኛዋ ደወለች፤ የመድኃኒቱን መጠን ጠየቀች። ዓይኑን ለብ ባለ ውሃ አጠበች። ሳንባው ተጎድቷል አለች፤ ብርድ፣ ሲሚንቶ፣ ፀሐይ ማጣት። ሽምግልናውን ሁሉ ነገርኳት። አስጨርሳኝ እንዲህ አለች፦
«አባባ፣ ኤሊ አያኮርፍም። እንዲህ ሲሆን ታሞ ነው።»
አፉን የሚከፍተው አየር አጥሮት ነበር። ወተቱም ወደ ሳንባው ሳይገባ አይቀርም። በገዛ እጄ! በፍቅር! ይተርፋል ወይ አልኳት። አላውቅም አለች።

ሐምሌ 15
መርፌ። ጠዋት ጠዋት ሳህን ውስጥ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ፎጣ። በጉልበት ማብላት ክልክል። ሀዋ አጥፍቻለሁ ብላ ታለቅሳለች። ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አታልቅሺ አልኳት። አላቆመችም። አብረን አለቀስን፤ ደብተሬ፣ ይኼንን ለማንም እንዳትነግር።

ሐምሌ 20
አንድ ዓይኑ ተከፈተ። አየኝ። ተመስገን።

ሐምሌ 24
ጎመን ነከሰ! ከጎመኑ ጋር ጣቴን። ደማሁ፤ ሳቄን ማቆም አቃተኝ።
ሐኪሟ ግን ገና ነው አለች። ክረምቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ሲሚንቶ ላይ ከዋለ ያገረሽበታል፣ ሁለተኛውን አይችለውም። አፈር፣ ሣር፣ ደመናው ሲገልጥ ፀሐይ፣ ማታ ደረቅና ሞቃት ጥግ ይፈልጋል። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ነው። ግቢውን አከራዬ ጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ አልብሶታል።
ሀዋ መንጌ ወረዳ እህቷ ዘንድ ልውሰደው አለች። ሰፊ ጓሮ፣ ማታ እሳት የሚነድበት ጎጆ። ልትነጥቂኝ ነው ብዬ ጮህኩባት። ተነስታ ወጣች። እኔ አኮረፍኩ።

ሐምሌ 25
ትንሽ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በራፉ ላይ አወጣሁት። አፈር እየፈለገ ሲሚንቶውን በጥፍሩ ቧጨረ፣ ቧጨረ። ማየት አልቻልኩም። ሀዋ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሐምሌ 26፣ ጠዋት
ወስኛለሁ። መንጌ ይሄዳል። ይናፍቀኛል፤ እንዴት አይናፍቀኝ! ግን እኔ ዘንድ ከሚሞትብኝ፣ እዚያ ይኑርልኝ። ካርቶኑ ውስጥ ደረቅ ሣርና አሮጌ ሹራቤን አነጠፍኩለት። ለእህቷ ስለ መድኃኒቱና ስለ ውሃው ሁሉንም በስልክ አስረዳኋት፤ ሦስቴ ሳላስደግማት አልቀረሁም።
መኪናው ደጅ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ሀዋ ካርቶኑን ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ሻምበል ራሱን አውጥቶ ያየኛል። ቆይ ደብተሬ፣ አንዴ ብቻ ልቀፈውና…