በቃሬዛ ስለወጣችው ስኩተር

ላሊበላ፣ ግንቦት 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ከፋለ ጥሩሰው፣
የመሥሪያ ቤታችን የንብረትና ትራንስፖርት ኃላፊ፣
ባሉበት

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና እንቅልፍዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ወገቤን ካልቆጠርነው፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በክሊኒኩ በር ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይባልብኝ፤ ከዚህ በፊት የላክኋቸው ደብዳቤዎች መንገድ ላይ እየደከማቸው ስለቀሩ ነው።

ለገጠር ሕክምና እንገለገልባት የነበረችውን በቅሎ ኋላ ቀር ናት ብለው ወስደው፣ በምትኳ አዲስ ስኩተር ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከስኩተሯ ጋር ለመላመድ ያደረግሁትን ጥረት እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. አዲሱ ሞተር እስኪለምድ ድረስ ዳገት እንዳይወጣባት አዘዋል። ከዚህ ከተማ በየትኛውም በኩል ቢወጡ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ለጥ ያለ ቦታ ብዬ ያገኘሁት የትምህርት ቤቱን ኳስ ሜዳ ብቻ ነው። ሕሙማን ክሊኒኩ በር ላይ ተሰልፈው እየጠበቁኝ እኔ በየማለዳው ሜዳውን ስዞር ከርሜአለሁ። ተማሪዎቹ ያጨበጭቡልኛል።

፪. ዕድሜዬን በቅሎ ላይ ያሳለፍሁ ሰው በመሆኔ፣ ቁልቁለት ላይ ስደነግጥ እጄ ልጓም የያዘ እየመሰለው ወደ ኋላ ይስባል። በቅሎ ስትሳብ ትቆማለች፤ ስኩተር ግን የቀኝ እጀታዋ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ ነዳጅ ስለሚደርሳት ትፈተለካለች። በዚህም ምክንያት የወይዘሮ ዘነቡን የጭድ ክምር በደረቴ ተቀብያለሁ። ወይዘሮዋ ከጭዱ ውስጥ ጎትተው ሲያወጡኝ ያቺ በቅሎ ምን በደለቻችሁ ብለው ጠይቀውኛል፤ ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌአለሁ።

፫. ቤንዚኑን ከጋሸና የጭነት መኪና ሾፌሮች እየለመንሁ አመጣለሁ። ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት በቅርቡ ይላካል ከተባለ ቆይቷል፤ ሾፌሮቹ የሚሰጡኝ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ሞተሯን የሚያቀጣጥለው ካንዴላዋ በጥላሸት ይደፈናል። ስለሆነም ቁስል ካጠብሁበት አልኮል ይልቅ ካንዴላ ያጠብሁበት በልጧል።

፬. አሁን ወደ ደከመኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ከዳገቱ በላይ ባለው መንደር ይማርሽ የተባለች እናት ምጥ እንደጠናባት ተነግሮኝ ተነሣሁ። ስኩተሯ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ጠፋች። ጥያት በእግሬ እንዳልወጣ፣ የመንግሥትን ንብረት መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ አሻጥር ነው የሚለው መመሪያዎ አለ፤ ጀሪካን ረስቶ የተመለሰው የሥራ ባልደረባዬ አረጋም እስካሁን ከእስር አልወጣም። ስለዚህ እየገፋሁ ዳገቱን ጀመርሁ። ይህንን ከላይ ያዩ የቅሬው፣ ማለት የመንደሩ የቀብር ዕድር፣ ሰዎች ቶሎ እንድደርስላቸው ብለው፣ በሽተኛም አስከሬንም የሚሸከሙባትን የመንደሩን ብቸኛ ቃሬዛ ይዘው ወረዱ፤ ስኩተሯንም አስተኝተው እየተቀባበሉ ተሸከሟት። እንዲህ የከበደ በሽተኛ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ነግረውኛል።

እኩሌታውን እንደወጣን የይማርሽ ባል ደባሱ፣ እኔ ብቆይበትና ቃሬዛም ቢያጣ፣ ሚስቱን ከወንድሞቹ ጋር በቁርበት ይዞ ሲወርድ ተገናኘን። ስኩተሯን አውርደው ይማርሽን አስተኙ፤ እዚያው መንገድ ዳር አዋለድኋት። እርሷ ተርፋለች። ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። ደባሱ ሕፃኗን ከእጄ ተቀብሎ በጋቢው ጠቀለላት። ትንሽ ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮ ሕፃኗ ትተርፍ ነበር፤ ይህን የምለው ሙያዬ ስለሆነ ነው። ተናድጃለሁ፣ ጓድ ከፋለ፤ ለመናደድም ደክሞኛል።

ስኩተሯን ግን ጭረት እንኳ አልነካትም። እንኳን ደስ ያለዎት።

ልመናዬ አንድ ነው። በዚያ መንደር በመጪው ክረምት የሚወልዱ እናቶች አሉ። እባክዎ በቅሎዋን ይመልሱልኝ።

ዕድሜና ሥልጣን ሳይጎድልብዎ፣ መንገድዎም ሁሉ ሜዳ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ዋና ሥራዬ የስኩተርዎ ጥበቃ፣ ትርፍ ሰዓቴ ሕክምና የሆነው፣ ለመግፋት ምንጊዜም ዝግጁ የሆንሁት ታዛዥዎ፣

ጋሻዬ አራጋው
የጤና ረዳት

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ቅሬው ተሰብስቦ ቃሬዛዋ ከእንግዲህ የመንግሥት ንብረት እንዳትሸከም ወስኗል። የቅሬው ዳኛ አባ ቢሆነኝ ግን እርስዎ እንዳይከፋዎት አደራ ብለውኛል፤ እርስዎን የመሸከም ተራ የደረሰ ዕለት ከመንደሩ የሚቀር ሰው እንደማይኖር፣ ሁሉም ከወዲሁ ትከሻውን እንዳዘጋጀ እንድነግርዎ ልከውኛል።