ለስብሰባ የተነፋ ጥሩንባ

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ። ከጧቱ 1፡15

ሻይ እየጠጣሁ ነው። ደብተሬ፣ የማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ዛሬም የሕዝብ ተሳትፎ ጥቅሞችን ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። ባለቤቴ አስካለ ቀሚሷን እየተኮሰች፣ እኔ ራሴ የቀበሌ ስብሰባ የገባሁት መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከጎጃም ወደ ቡታጅራ ከመጣሁ 14 ዓመት፣ እሷን ካገባሁ 12። አንድም ስብሰባ አልገባሁም። ሻዬን ፉት አልኩ። እሷ ፈገግ አለች። ይህች ሴት ስትስቅብኝ እንኳ ደስ ይለኛል፤ ምን ይሻለኛል።

ነገሩ ይሠራ የተባለው ድልድይ ነው። ሰፈራችንን ለሁለት የሚከፍለውን ቦረቦር የምንሻገረው በአንድ ግንድ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሩቂያ ከግንዱ ላይ ወድቀው ወገባቸውን ከተጎዱ ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ አልጋ ላይ ናቸው። ማዶ ያሉት ታላቅ እህታቸውም ከቤት መውጣት አይችሉም። ተጠራርተው በሚደማመጡበት ርቀት ላይ ሆነው አይተያዩም።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ከት/ቤት ቀጥታ ቀበሌ። ሲሚንቶው ተፈቅዷል አሉኝ። ነዋሪው ተሰብስቦ ኮሚቴ ይምረጥ፣ በጉልበት ለመሥራት ይስማማ፤ የጎደለው ይኸው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ የመጣው ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር አልሞላም። ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠራል። ሰው ካልተሟላ ሲሚንቶው ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ከዚያ ክረምት ይገባል፣ ግንዱንም ጎርፍ ይወስደዋል።

ከቀሩት አንዱ እኔ ነኝ። ማንን ልውቀስ?

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ሰው ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልፋል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ የሚወጣው የእድር ጥሩንባ ሲነፋ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ እድር ነን። ጥሩንባ ነፊው ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። ጥሩንባ ለሞት ነው ብለው ተከራከሩኝ። አንዴ ብቻ፣ አጠር አድርገው ይንፉ፣ ከዚያ «ስብሰባ» ብለው ይጥሩ አልኳቸው። የልጃቸውን አስተማሪ ማሳፈር ከብዷቸው እሺ አሉ። ለአስካለ አልነገርኳትም። ብነግራት ትከለክለኝ ነበር።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ። ቀን 8 ሰዓት

ልፈር ወይስ ልሳቅ? አላውቅም።

ጋሽ ሸምሱ ነፉ፤ አንዴ፣ አጠር አድርገው፣ በውላችን መሠረት። «ስብሰባ» ያሉትን ግን ማን ሰምቶ! ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ወጡ፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀም የለም፤ በሰፈሩ ታመው የተኙት እትዬ ሩቂያ ናቸው። ስደርስ የእድሩ ድንኳን ደጃቸው ላይ ቆሟል፣ ወንበር እየተደረደረ ነው፣ ደረት ይመታል። አስካለ ከሁሉም ፊት ሆና ታለቅሳለች። ላስረዳ ብሞክር ወንዶቹ አይዞህ እያሉ ያጽናኑኛል።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ሩቂያ በከዘራ ተደግፈው፣ ቀስ እያሉ ወጡ። ማን እንደሞተ ጠየቁ።

ጋሽ ሸምሱ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወልዴ ፊታቸው ጠቁሮ ድንኳኑ ይነቀል አሉ። እትዬ ሩቂያ ግን ከዘራቸውን አነሱ።

«ተዉት፣ አይነቀል። ወላሂ፣ ስሞት የምትመጡትን ያህል በቁሜ ብትመጡልኝ እህቴን ባየሁ ነበር። አሁን መጥታችኋል፤ ቁጭ በሉ።»

ሁሉም ተቀመጠ። ኮሚቴው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ነጠላው እንደተዘቀዘቀ ተመረጠ። የቀበሌው ሰው እዚያው ድረስ መጥቶ ቃለ ጉባኤ ያዘ።

ሚያዝያ 12፣ እሁድ

የእድሩ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ቅጣት፦ ድልድዩ እስኪያልቅ ለስብሰባም ለሥራም ሰው የምጠራው እኔ ነኝ፤ በእግሬ፣ ከቤት ቤት። በጥሩንባ መቀለድ እንደማይደገምም አስፈርመውኛል። ተቀበልኩ።

አስካለ አኩርፋለች። እንባዬን መልስ ብላኛለች።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

እግሬ አለቀ። ሆዴ ግን ሞልቷል፤ በየደጁ ቆጮ ሳይቀምሱ መውጣት የለም። በጎጃም አነጋገሬ «አሰላሙ አለይኩም» ስል ልጅ አዋቂው ይስቃል። ይሳቁ።

ሰው ስብሰባ የሚጠላ ይመስለኝ ነበር። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ከእኔ በፊት ደጇን አንኳኩቶ እሷን ፈልጎ የመጣ ሰው እንደሌለ ነገረችኝ፤ በማግስቱ ሁለት ጋሪ ድንጋይ ላከች። ለካ እስከዛሬ የሚጠራው «ነዋሪው» ነው፤ በስሙ የተጠራ የለም። ይህን ለስንት ዓመት ሳስተምር አላውቀውም ነበር።

አስካለ ታረቀችኝ። ዛሬ አብራኝ ዞረች፤ በአገሯ ቋንቋ፣ በመስቃንኛ እየቀለደች። እኔ ሦስት ቤት ስጨርስ እሷ ስምንት። ወደድኳት፣ እንደገና፣ መንገድ ላይ ቆሜ።

ሰኔ 1፣ እሁድ። ማታ 12፡30

ድልድዩ አለቀ። እትዬ ሩቂያ ተሻገሩ፤ ክንዳቸውን አስካለ ይዛ፣ እኔ ከኋላ። እህታቸውን ማዶ ጫፉ ድረስ በወንበር አምጥተው አስቀምጠዋቸዋል። ተቃቅፈው ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ።

አቶ ወልዴ ትከሻዬን መታ አድርገው ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነህ አሉኝ። አመሰገንኩ። ደስ አላለኝም። ከማዶ ቀጥሎ ካለው ሰፈር ሁለት ሰዎች ቀርበው፣ እነሱም ለውሃ ቦኖ እየተጠሩ ሰው እንደማይወጣ አጫወቱኝ። ጫማዬን አየሁት። አንድ ክረምት ይችላል።

አስካለን አማከርኳት። ሳቀችብኝ፣ ከዚያ ጃንጥላውን ከቁም ሳጥን አወጣች። ነገ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ቅጣቴን እንዳያነሱልኝ ልለምናቸው።