ድርቆሽ ያልሽው አበባ

ውድ ዘርፈሽ፣

የልጄን የገለኔን አበባ ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ። ይህን በአፌ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ አሁን ግን አፌ ያልቻለውን እጄ ይሞክረው።

ገለኔ ቤታችንን በደረቀ ነገር ማስጌጥ እንደምትወድ ታውቂያለሽ። ከሁሩሙ ገበያ በክር የተሰካ ኮረሪማ ታመጣና በበሩ ግራና ቀኝ ታንጠለጥላለች። ፍሬው ያልረገፈ የቡና ዝንጣፊ ከመስኮቱ በላይ ታስራለች። ኬሎውን፣ አደይ አበባውን ማለቴ ነው፣ ጤዛው ሲለቀው ቆርጣ ከምድጃው በላይ ዘቅዝቃ ትሰቅለዋለች። ከተማችንን መቱን ዝናብ አይለቃትም፤ እዚህ አገር ሳይሻግት የሚደርቅ ነገር ጥቂት ነው። እሷ ግን የምድጃው ሙቀት እርጥበቱን ይወስዳል፣ ጨለማው ቢጫውን ያቆየዋል ትል ነበር። እውነትም ይቆይላት ነበር።

አንድ ቀን "ይሄን ሁሉ ድርቆሽ ለየትኛው በሬ ነው የምትሰበስቢው?" አልሻት።

"እትዬ ዘርፈሽ፣ እርስዎ ሲመጡ የምናቀርበው ነው" ብላ መለሰችልሽ። ከሁላችንም በላይ የሳቅሽው አንቺ ነበርሽ።

የመጨረሻውን እቅፍ አስራ በመስከረም ሳሎን ምስማር ላይ ሰቀለችው። በቃጫ አጥብቃ ቋጥራ፣ "እማዬ፣ ይሄ እስከሚመጣው መስከረም ይበቃናል" አለችኝ። በኅዳር ታመመች። ለገና አልደረሰችም።

በለቅሶው እንደ ቅርብ ጎረቤት ቤቱን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። መጋረጃውን አወረድሽ፣ ፎቶዎቹን አዞርሽ። "ቤተ ለቅሶ ጌጥ አያምርበትም" እያልሽ ኮረሪማውንም ቡናውንም ስትሰበስቢ ፍራሽ ላይ ሆኜ አየሁሽ። እቅፉንም ሳብ አድርገሽ ነቀልሽው። ወግ ነው አልኩ። ጓዳ ታኖሪዋለሽ ብዬ ነበር።

በሰልስቱ የት እንዳደረግሽው ጠየቅኩሽ።

"እሱ ድርቆሽ? እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እምቢ ሲለን እሳት አያያዝንበት" አልሽኝ።

ያን ጊዜ ጮህኩ። በቀብሯም እንደዚያ አልጮህኩም። ለቀስተኛው ሁሉ ሐዘኑ አሁን ገባት አለ። አንቺም ትከሻዬን ይዘሽ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አልሽኝ። አበባዋን የማገደው እጅ ነው እኔን ያባበለኝ።

በአርባዋ ቢጫ የፕላስቲክ አበባ ይዘሽ መጣሽ። አይረግፍም፣ አይሻግትም ብለሽ በዚያው ምስማር ሰቀልሽው። ክፋት እንዳልነበረብሽ አውቃለሁ፤ የመረረኝም እሱ ነው። ክፉ ብትሆኚ ተጣልቼሽ ባረፍኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በኦሞ አጥቤ መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ጎራ ብለሽ ታዪው ነበር። ሁሩሙ ልጅሽ ዘንድ ከሄድሽ በኋላም ማጠቡን አልተውኩም፣ ድንገት ብትመጪስ እያልኩ።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልሽም። ስትነቅዪው እቅፉ ወጣ እንጂ ቋጠሮው ምስማሩ ላይ ቀርቷል። በገለኔ ጣቶች የጠበቀው ቃጫ፣ የተሰበሩ ደረቅ አገዳዎች እንደያዘ አለ። እስከ ዛሬ በአንቺ ፕላስቲክ የሸፈንኩት ግን እኔው ነኝ።

ለመስቀል እንደምትመጪ የሚኒባስ ሾፌሩ ኪቲላ ነገረኝ። ይህንንም በእሱ እጅ የላክሁልሽ አንብበሽው እንድትመጪ ነው። ነዪ፤ ቤትሽ ነው፣ ምሳም ይጠብቅሻል። የፕላስቲክ አበባሽን በፌስታል አድርጌ በሩ አጠገብ አስቀምጬልሻለሁ። ከእንግዲህ አላጥበውም፤ የልጄንም ቋጠሮ በምንም አልሸፍነውም።

ሻሽቱ፣ የገለኔ እናት