የረያን ውጤት

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9። ጠዋት 3፡00
አምስት የሰገራ ናሙና። ሁሉም ከሕፃናት ክፍል። በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ አሜባ የለም፣ ጃርዲያ የለም። ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም። የቫይረሱን ምርመራ የምንሠራው ናሙና ሲጠራቀም ነው። ፍሪጅ ከተትኳቸው። ሰኞ።
አንዱ የረያን ነው፤ የዘጠኝ ወር ልጅ። እናቱ ሙኒራ ናሙናውን ራሷ አመጣች። ቤታቸው ጭድ ተራ ነው። አማቷ ተቅማጡን «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብለዋት ሐኪም ቤት ሳታመጣው ሦስት ቀን አቆይታዋለች።

ዓርብ 10
ሙኒራ የላብራቶሪው መስኮት ላይ ጠበቀችኝ። «ጡቴ ነው እንዴ እህቴ? ወተትሽ ተበላሽቷል ይሉኛል።» ወረፋው ረዝሟል፣ ሰው ይጮኻል። ውጤቱ ሲወጣ ይታወቃል ብያት ገባሁ።

ቅዳሜ 11
ተረኛ ነኝ። ሲ/ር ሐረግ ከሕፃናት ክፍል መጣች፤ ተቆጥታለች። ሙኒራ ከትናንት ጀምሮ ልጁን ጡት ከልክላዋለች። «የላብራቶሪዋ ልጅ ውጤት ጠብቂ ብላኛለች» ነው የምትለው። ሲስተር ወዲያው አስጠባቻት።
እንዲህ አላልኩም! ግን «አይደለም፣ አጥቢው» አላልኳትም። ሁለት ቃል። ምን ይፈጅ ነበር?

እሑድ 12
ረያን ጠዋት አረፈ። ከሰዓት በፊት ይዘውት ሄዱ፣ ለቀብር። በስልክ ነው የሰማሁት። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሰኞ 13። 8፡30
ሮታ ቫይረስ። የረያን ፖዘቲቭ። መመርመሪያው ላይ የወጡትን ሁለት መስመሮች ቆሜ አየኋቸው። ዶ/ሩን ጠየቅኩት። ውጤቱ ቀድሞ ቢደርስም ሕክምናው ያው ነበር አለኝ፤ ልጁ ሲመጣም ፈሳሽ ከሰውነቱ አልቆ ነበር። ሊያጽናናኝ ነው። ሙኒራ ጡት መከልከሏን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ፈሪ ነኝ።

ማክሰኞ 14። ማታ 1፡00
ከሥራ ወጥቼ በሲኒማ ራስ በኩል በእግሬ ሄድኩ። የሙኒራን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ለቀስተኞች አሉ። አማቷ ከጎኗ ተቀምጠዋል። «አላህ ያጽናሽ» አልኳትና የውጤቱን ወረቀት አወጣሁ። አንብቢልን አለችኝ፣ እሳቸው እንዲሰሙ። አነበብኩ። ቫይረስ ነው፤ ወተቷ አይደለም፣ ጥርስም አይደለም። አማቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «እኔ ነኝ ያዘገየሁት» አሉ።
ሙኒራ እኔን ነው የምታየው። «ባልከለክለው ይተርፍልኝ ነበር?»
አላውቅም አልኳት። ሲመጣም በጣም ደክሞ ነበር። ግን አጥቢው ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ስትጠይቂኝ ውጤቱ ሲወጣ ይታወቃል ብዬሽ ገባሁ። ይቅር በይኝ አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።
የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል። በሻርፕዋ ሸፈነችው።
ነገ ሥራ ሳልጀምር ሕፃናት ክፍል እገባለሁ። ከእያንዳንዷ እናት አልጋ አጠገብ ቆሜ፣ «ጡትሽን እንዳታቋርጪበት፣ ማንም ምንም ቢልሽ እንዳታቋርጪ» እላታለሁ።