እምቢ ያለው ቡሎን

ፍኖተ ሰላም፣ ዓርብ ጥር 22

ቡሎኑ ተፈታ! ረቡዕ ማታ የፊት ፍሬን ሸራ ልቀይር ጎማውን አውልቄ የፍሬኑን ቡሎን ብታገለው ንቅንቅ አላለም። ያ ባለፈው ያሰረው የጋራዥ ሰውዬ ምን በድየው ነው እንዲህ የቀረቀረብኝ? እሱው ነው ደግሞ ሰው ፊት «ከስልክ የተማረ ፍሬን ይቀይራል?» ብሎ የሳቀብኝ።

ሲያቅተኝ ነጭ ጋዝ አፍስሼበት ተኛሁ። ትናንት በጠዋት መዶሻ ሳነሳ እማዬ መጥታ አናቴ ላይ ቆመች።

«በአስተርእዮ ማርያም ብረት ልትቀጠቅጥ? ምታውና እሑድ ለእህትህ ልጅ ክርስትና ቡሬ በሚኒባስ እሄድልሃለሁ!»

እናቴ ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍታ፣ የኔ መኪና ደጅ ቆማ! ዘመድ ምን ይለኛል? መዶሻውን ጣልኩት። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።

ዛሬ ቁልፉ ላይ ረጅም የቧንቧ ብረት ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ስጫነው «ቋ!» አለና ዞረ። ጋዙ ቀኑን ሙሉ ዝገቱ ውስጥ ሲሰርግ ስለዋለ ነው። እማዬ ግን «ማርያም ናት» አለች። አልተከራከርኳትም፤ ትናንት በመዶሻ ብመታው ኖሮ የቡሎኑ አንገት ይቀነጠስ ነበር።

በሁለቱም ጎማ አዲስ ሸራ ገጥሜ ብቻዬን ሞከርኩት። ከዚያ እማዬ ከኋላ ገባችና ቁልቁለቱ ላይ «ቁም!» አለችኝ። ቆምኩ። «ድገመው!» ቆምኩ። ያ ሳቂታ ይሄን ባየ!

ስትወርድ ነጠላዋን አስተካከለችና «እሑድ ከፊት ነው የምቀመጥ» አለች።